ምልክት የሌለው ገጽ

ጥር 4፣ ሰኞ

ሱቁን በጊዜ ከፈትሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። መብራት አለ፣ ተመስገን። ሁለት ማመልከቻ፣ አንድ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ማስታወቂያ። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አስቀየሩኝ … አንዱ "ይቀጣል" ይባል ይላል፣ ሌላው "ይገሠጻል" ይባል። "ይመከራል" ብዬ ጻፍሁላቸው። ሁለቱም ወደዱት።

ከቀትር በፊት የኔታ ወልደሚካኤል ከጋፋት በእግራቸው መጡ። የሟች ባለቤቴ የየሺ ታላቅ ወንድም። እሷ ካረፈች ወዲህ እዚህ ብዙም አይመጡም፤ እኔም ብዙም አልሄድሁ። በነጠላቸው ጠቅልለው አሮጌ ወረቀት ይዘዋል። በወጣትነታቸው ቤተልሔም ደብር ዜማ ሲማሩ ከመምህራቸው አፍ እየሰሙ በእጃቸው የጻፉት ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። የዘወረደን ሳምንት ብቻ፣ የጾሙን መጀመሪያ፣ ከነምልክቱ በኮምፒውተር ጻፍልኝ አሉ። ጾሙ ሳይገባ ደቀ መዛሙርቱ እጅ እንዲደርስ።

"ልጆቹ በስልክ ፎቶ እያነሡ ይቀባበሉታል። አንዱ ይዘት የሚለውን ምልክት ሌላው ደረት ያደርገዋል። እኔ በሕይወት ቁጭ ብዬ ዜማው ሦስት ዓይነት ሆነ።"

እኔ ዜማ አልተማርሁም። ከፊደሉ በላይ የምትቀመጥ ነጥብና ቅስት ድምፁን እንደምታወጣና እንደምታወርድ፣ ስማቸውንም፣ ያን ያህል ብቻ ነው የማውቅ። ያየሁትን ግን እጽፋለሁ። እሺ አልሁ።

ግራ ዐይናቸው ከጠፋ ቆየ። ቀኙን ደግሞ ጭጋግ ይዞታል። ሐኪሙ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚመለስ አይደለም ብሏቸዋል።

"ሳላየው ለማንም እንዳትሰጥ። ይቺ ዐይን ሳትዘጋ አይቼ ላጽድቀው። ዕውር የቅኔ መምህር በየደብሩ ሞልቷል። ዕውር አራሚ ግን አይቼ አላውቅም።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አመሻሽ ላይ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ "መጣሁ" አልሁ። ልማድ ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ቅዳሴ ቆምሁ። ከሰዓት የየኔታን ሥራ ጀመርሁ። ምልክቱን የሚያስቀምጥልኝ ሙሉቀን የሚባል ልጅ ባሕር ዳር ሳለ የሠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለብቻው አይቆምም፤ በመጻፊያው ፕሮግራም ላይ ይለጠፋል። ጎረቤቴ ኮምፒውተር ጠጋኟ ፋሲካ "አድኢን" ትለዋለች፣ እኔ ተቀጽላ። በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የሚኖር … ሌላ ምን ይባላል?

አራት ገጽ ወጣ። ምልክቱ በየፊደሉ አናት ላይ ቁጭ ብሏል። ያምራል።

ጥር 8፣ ዓርብ

የኔታ ወደ ሱቅ መጡ። በሩ ላይ ብርሃን ወዳለበት ወጥተው ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ቀኝ ዐይናቸው አስጠጉ። በለሆሳስ አዜሙት። ገጽ ሲያልቅ ወደ እኔ ይዘረጋሉ።

"ልክ ነው። እጅህ ይባረክ።"

አራቱም ልክ። ገረመኝ። በሕይወቴ የጻፍሁት ነገር ሳይታረም ቀርቶ አያውቅም። ደስ አለኝ … ደስታ ደግሞ ጥያቄ አያስጠይቅም።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ፋሲካ ሌላ ተቀጽላ ጫነችልኝ። ቀን ቀያሪ። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ። ውጭ አገር ልጅ ያለው ሁሉ ደብዳቤው በሁለቱም ቀን እንዲጻፍለት ይፈልጋል። እስከ ዛሬ በጣቴ ስቆጥር ኖርሁ።

"አያ ዓለምነው፣ ጣትዎ ይረፍ እንግዲህ።"

የሺም ትለኝ ነበር፤ ስትቆጥር ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል እያለች።

ጥር 10፣ እሑድ

ከተራ። ታቦት ሸኘን። ሌላ የምጽፈው የለም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

አምስተኛውን ገጽ አተምሁ። ፊደሉ አለ። በላዩ ያለው የለም። ራቁቱን ወጣ። ማሽኑ ስህተት አለ አላለ፣ አልጮኸ፣ ምንም። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው። ቀድሞ የጻፍኋቸውንም ከፈትሁ። እነሱም ራቁታቸውን ናቸው።

ሙሉቀን ዘንድ ደወልሁ። ስልኩ አይሠራም። የት እንደሄደም የሚያውቅ የለ።

ፋሲካ ከምሳ በኋላ መጣች።

"ከቀን ቀያሪው በፊት ይሠራ ነበር?"

"እንደ ሰዓት።"

"እንግዲያ ያጣላሁት እኔ ነኝ።" ተቀመጠች። ፎልደር ከፈተች፣ ሌላ ፎልደር ከፈተች። "አዩ፣ ሁለቱም ፊደል የሚለካላቸው አንድ ላይብረሪ ይጠራሉ። የሚያገለግላቸው ፋይል ነው፤ እንደ ገበታ አሳላፊ ይቁጠሩት። ስሙ አንድ ነው። የሙሉቀን አሮጌው ነው፣ ቀን ቀያሪው ይዞት የመጣው አዲሱ።"

"ሞክሼ ናቸዋ።"

"ሞክሼ ናቸው።"

"ሞክሼ ይዋደዳል እንጂ ይጣላል?"

"ባንድ ቤት ሁለት ሙሉቀን ካለ፣ 'ሙሉቀን!' ብለው ሲጣሩ አቤት የሚለው ለበሩ የቀረበው ነው። የእርስዎ ተቀጽላ አሮጌውን ነው የሚጠራ፤ አቤት የሚለው ግን አዲሱ ነው። 'ምልክቱን አስቀምጥ' ሲለው አዲሱ ይህን ሥራ አያውቀውም። አላውቅም አይልም። ዝም ይላል።"

ቀን ቀያሪውን አውጪልኝ አልኋት። አወጣችው። ምልክቱ አልተመለሰም። ቀን ቀያሪው ሲገባ አዲሱን ፋይል ሁሉም ፕሮግራም በሚጠቀምበት የጋራ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦታል፤ ሲወጣ ትቶት ሄዷል። አሁን ደግሞ ሌሎች ተደግፈውበታል፤ ብትነቅለው ቤቱ ይናዳል። መልሳ ጫነችው።

ነገ ገሳይ ከተማ ትሄዳለች፤ የትምህርት ቤት ማሽኖች ልትጠግን። "እስክመለስ እንዳይነኩት፣ አደራ!"

ጥር 15፣ ዓርብ

ነካሁት።

ትናንት ማታ ጸሎት ካደረስሁ በኋላ አሰብሁ። ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። ታላቅ ባለበት ታናሽ ቀድሞ ተቀመጠ። በእኛ ቤት ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ እጁን አይዘረጋም፤ ማሽኑ ይህን ካልተማረ ላስተምረው። አሮጌውን ፋይል ገልብጬ በጋራው ፎልደር፣ በአዲሱ ቦታ አስቀመጥሁት። አዲሱን ወደ ሌላ አወጣሁ።

መጻፊያው ፕሮግራም ጭራሽ አልከፈት አለ። ማተሚያውም።

ማሬ ደላላው የቤት ሽያጭ ውል ሊያስጽፍ ሰው ይዞ መጣ። ቆመው ጠበቁ።

"ዓለምነው፣ ማሽንህ ሱባኤ ገባ እንዴ?"

"ትንሽ ታገሥ።"

"እኔስ እታገሣለሁ፤ ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ማሽንህ ይክሰኛል?"

ወደ ሌላ ሱቅ ወሰዳቸው። አዲሱን ፋይል ወደ ቦታው መለስሁ። ተከፈተ። ምልክቱ ግን እንደጠፋ ነው።

ለምን እንዳልሆነ አሁን ገባኝ መሰለኝ። ታናሹ የታላቁን ሥራ አያውቅም፤ እሺ። ታላቁም የታናሹን አያውቅም። ዕድሜ ብቻውን ምን ይሠራል?

ጥር 18፣ ሰኞ

ደግሞ ነካሁት።

ጠቡ በስም ከሆነ ስም ይለወጥ ብዬ። አሮጌው ፋይል በሙሉቀን ተቀጽላ ፎልደር ውስጥ አለ። ስሙን ቀየርሁት። ተቀጽላው ከነአካቴው ጠፋ፤ ስክሪኑ አናት ላይ የምትጫነው ቁልፉ እንኳ የለችም።

ፋሲካ ዘንድ ደወልሁ። ገሳይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"ምን አደረጉት?"

"ስም አወጣሁለት።"

"ምን?"

"ሌላ ስም! ሞክሼ እንዳይሆኑ!"

የተቆረጠ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ኖሯል። "አያ ዓለምነው፣ የክርስትና ስም ሰጡት? ተቀጽላው እኮ የሚያውቀው በዓለማዊ ስሙ ነው። በመንገድ ላይ 'ወልደ ሥላሴ' ብዬ ብጠራዎ ዞር ይላሉ?"

አልዞርም። ያ የክርስትና ስሜ የሚጠራ ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው።

ተቆረጠ። ስሙን ልመልስ ብዬ ተነሣሁ፣ ደንበኛ መጣ … ሌላ ደንበኛ መጣ። ዋለ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

እንዴት ልጻፈው።

ጋፋት ወረድሁ። ሥራው እንደዘገየ ለየኔታ ልነግራቸው። ምልክት የሌለውን ገጽ፣ አምስተኛውን፣ ይዤ ነበር። እንዲያዩልኝ፤ "አዩ፣ ይኸው ምልክቱ እንዲህ እየጠፋ አስቸግሮኝ ነው" ልል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታ ተሰጣጣን። ስለ በሬዎቹ ጠየቁኝ፤ በሬ ከሸጥሁ ዓመታት አልፈዋል … የሚያውቁትን ነው የረሱት። ገጹን አወጣሁ። አፌን ልከፍት ስል ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

"አምስተኛው ነው? አመጣኸው?"

ወደ ፀሐይ አዞሩት። ወደ ቀኝ ዐይናቸው አስጠጉት። ጣታቸውን ከመስመሩ በላይ፣ ምልክቱ መኖር ባለበት ላይ፣ እያስኬዱ አዜሙት። ከላይ እስከ ታች። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸውን ወደ ጉሮሯቸው መለሱት፤ ጣታቸው እዚያው ላይ ቆመ። ወረቀቱ ላይ እዚያ ምንም የለም። ነጭ ነው።

"ልክ ነው" አሉ። "አንድ ጭረት አልጎደለ።"

አፌ እንደተከፈተ ነበር። ዘጋሁት። ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍሁት።

"ጠቅላላውን መቼ ታደርሳለህ?"

"ለዘወረደ አደርሳለሁ፣ የኔታ።"

ዳገቱን ስወጣ አላረፍሁም። ሱቅ ገብቼ ቀድመው ያጸደቋቸውን አራት ገጾች ከእጅ ጽሑፋቸው ጋር አስተያየሁ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሙሉ መስመር ምልክት ሳላስገባ ዘልያለሁ። እኔ ዜማ የማላውቀው እንኳ ያየሁት። ልክ ነው ብለውታል።

ማንም አላየውም ማለት ነው። እስካሁን ማንም።

ጥር 21፣ ሐሙስ

አስተርእዮ ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሐሳቤ አልሰበሰብም አለኝ።

ልንገራቸው? "የኔታ፣ አያዩም" ብሎ ማለት … ማን ነኝ? ዝም ብልስ? ስህተቱ በእጄ ታትሞ፣ "የኔታ አይተው ያጸደቁት" ተብሎ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። በስልክ ፎቶ ሲባዛ የነበረው ይሻላል፤ ያኛው ቢያንስ የማንም አይደለም።

ከእጅ ጽሑፉ ጋር ራሴ ላመሳክረው አልሁ። ቀለሙ የደበዘዘበት ላይ ነጥቡ አንድ ይሁን ሁለት አይለይም። የሚያውቀው እሳቸው ብቻ ናቸው። የሚያውቁት ደግሞ በዐይናቸው አይደለም።

ጥር 25፣ ሰኞ

የነነዌ ጾም ገባ። ፋሲካ ከገሳይ ተመለሰች። ኮፍያዋ ላይ አቧራ እንዳለ መጣች።

ማሽኑ በዚህ ሰዓት ምን ምን ፋይል እንደያዘ፣ ከየት ፎልደር እንዳነሣው የሚያሳይ ፕሮግራም ይዛለች። ከፈተችው። ስም በስም ላይ ተደርድሯል። በጣቷ አሳየችኝ። ያ ስም አንድ ጊዜ ብቻ አለ። የመጣው ከጋራው ፎልደር ነው። አዲሱ።

"የሙሉቀን ተቀጽላ የራሱን ይዞ የለ? አጠገቡ እያለ?"

"ይዟል። ማሽኑ ግን አያየውም። ሲነሣ አዲሱን አንሥቶ ያዘ። ከዚያ በኋላ ያ ስም በተጠራ ቁጥር ፎልደር ከፍቶ አያይም። በሜሞሪው የያዘውን ነው የሚሰጥ።"

"አጠገቡ ያለውን ሳያይ?"

"ለምን ይየው? አለኝ ብሎ ያስባል።"

ማሽን አያስብም ልላት ፈለግሁ። የየኔታ ጣት ነው የታየኝ፤ በነጩ ላይ ስትሄድ።

ቤት ስገባ "መጣሁ" አልሁ። ከዚያ በሩ ላይ ቆምሁ። ለማን ነው ያልሁት? ክፍሉን አይቼ አላልሁትም። ሳላይ ነው ሁልጊዜ የምለው።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ፋሲካ መፍትሔ አለኝ ብላ መጣች። ከሙሉቀን ተቀጽላ ጎን የምትቀመጥ ትንሽ ፋይል ጻፈች። ጥቂት መስመር። ምን ይላል አልኋት።

"'ይህን ስም ስትጠራ በሜሞሪ ያለውን አትውሰድ፤ ከአጠገብህ ያለውን ውሰድ' ይላል። ሁለቱ ሞክሼዎች አንድ ቤት ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን አሳላፊ ይዞ።"

አስነሣችው። አልሆነም። ደግማ አስነሣችው። አልሆነም። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

"አጠገቡ ምንም የለም ይለኛል። እንዴት ምንም አይኖርም? እኔ በዐይኔ …" አቆመች። ወደ እኔ ዞረች። "አያ ዓለምነው።"

"አቤት።"

"የክርስትና ስሙን መልሰዋል?"

አልመለስሁም። ያን ቀን ደንበኛ መጥቶ እንደተነሣሁ ቀርቷል። ከአሥር ቀን ወዲህ ፋይሉ እኔ ባወጣሁለት ስም እዚያው ቁጭ ብሎ የሚጠራው ሲጠባበቅ ኖሯል። ፋሲካ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። እኔ ግንባሬን ላበኝ።

ስሙን መለስሁለት። አስነሣች። ቁልፏ ብቅ አለች። አምስተኛውን ገጽ ከፈትሁ … ምልክቱ በየአናቱ ላይ ተቀምጧል። ቀን ቀያሪውንም ሞከረችው፤ ይሠራል። ሁለቱም።

"ከእንግዲህ ስም ማውጣት የካህን ሥራ ነው" ብላኝ ሄደች።

የማሽኑ አለቀ። የእኔ አላለቀም።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ያለቁትን ገጾች ሁሉ ይዤ ጋፋት ወረድሁ። መንገድ ላይ የምለውን አሥር ጊዜ አሰናዳሁ። እዚያ ስደርስ ሌላ ነገር ወጣኝ።

"የኔታ፣ ዐይኔ ደክሞብኛል። የጻፍሁትን ራሴ ማመሳከር አቃተኝ። አንቱ እያዜሙ ምልክቱን በየስሙ ቢጠሩልኝ፣ እኔ በጣቴ እየተከተልሁ 'አለ' 'የለም' ልበል።"

አንዲት ዶሮ በመካከላችን አለፈች።

"ዐይንህ ከመቼ ወዲህ ነው የደከመው?"

"ከነነዌ ወዲህ።"

"ጾም ዐይን ያደክማል" አሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። "በል ተቀመጥ።"

ዋሸሁ? … መነጽሬ በእርግጥ ተጭሯል። ግን ዋሽቻለሁ። ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።

ጀመርን። አንድ ሐረግ ያዜማሉ፣ ይቆማሉ፣ ይጠራሉ።

"ይዘት።"

"አለ።"

"ደረት።"

"አለ።"

"ጭረት።"

"… የለም።"

"እንዴት የለም?"

"እኔ ዘልየዋለሁ።"

"አግባው።"

ይህ ከመጀመሪያዎቹ አራት ነው፤ ልክ ነው ብለው ከመለሱልኝ። "አግባው" ካሉ በኋላ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቀጠሉ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ከሰዓት ከሰዓት ሱቁን እየዘጋሁ እወርዳለሁ። ማሬ "ባሕታዊ ልትሆን ነው?" አለኝ። የውል ሥራ ሁሉ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ይሂድ።

ስህተቱ ብዙ ነው። ይዘቱን ደረት አድርጌዋለሁ፣ ድፋቱን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው አዛውሬዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ የኔታ "ርክርክ" ሲሉ የእጅ ጽሑፋቸው ላይም የለም አልኋቸው። አዜሙት፣ ደገሙት፣ ሦስተኛ አዜሙት። "መምህሬ ያሉት ርክርክ ነው። እኔ ያን ጊዜ እንቅልፌ መጥቶ ይሆናል። አግባው።" የዚያን ዘመን ስህተታቸውን ዛሬ አረሙ። ደስ አላቸው፤ ልጅ ይመስላሉ።

ተማሪዎቹ ከሩቅ ያዩናል። ምን እንደምንሠራ አይጠይቁም።

የካቲት 6፣ ዓርብ

አምስተኛውን ገጽ ወደ መጨረሻ አቆይቼው ነበር። ሆን ብዬ እንደሆነ እንጃ። ዛሬ እሱ ብቻ ቀረ።

ይዘት፣ አለ። ደረት፣ አለ። ቅናት፣ አለ። አንድም "የለም" ሳይኖር አለቀ። ወረቀቱን ላጥፍ ስል፦

"ይህን ገጽ ቀድመህ አሳይተኸኝ ነበር" አሉ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"ያን ቀን ምን ነበረው?"

ዶሮዋን ፈለግሁ። የለችም።

"ፊደል ብቻ ነበረው። ማሽኑ ምልክቱን ጥሎት …"

"እኔ ልክ ነው ብዬሃለሁ።"

"ብለውኛል።"

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ። እየሳቁ ነው።

"ዜማውማ ልክ ነበር!"

"ልክ ነበር፣ የኔታ።"

"ዋሽቼህ አይደለም፣ ዓለምነው። እውነቴን ነው። አየዋለሁ። ወረቀት ስይዝ ፊደሉ ከነምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አሁንም ይታየኛል። ከወረቀቱ ይምጣ ከየት ይምጣ እኔ አልለየውም።" ሳቃቸው አለቀ። "የየሺን ፊትም እንዲሁ ነው የማየው። በአንተ ሠርግ እንደነበረችው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፊቷን አላውቀውም።"

እኔ ደግሞ የማውቀው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። አልነገርኋቸውም። ምናልባት ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ፣ ጊዜ አለን።

"በል ስጣቸው" አሉ። "ለልጆቹ ስጣቸው።"

የካቲት 8፣ እሑድ

ዘወረደ።

ጋፋት ሄጄ አስቀደስሁ። ገጾቹ በተማሪዎቹ እጅ ናቸው። ፋሲካ በፕላስቲክ ለብጣልኛለች፤ ዋጋ አልቀበልም ብላ "ለነፍሴ ነው፣ እዚያ ስሜን ያስጠሩልኝ፣ የክርስትናውን" አለችኝ። አስጠራሁላት።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እጃቸው ላይ ወረቀት የለም። ከዚህ በፊት ይይዙ ነበር። ዛሬ ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ማንም ያስተዋለ አይመስልም፣ ወይም ሁሉም አስተውሏል።

ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ሥር ተቀመጥን። አንድ ተማሪ፣ ጺም ያበቀለ ጎልማሳ፣ ገጹን ይዞ መጣ። እዚህ ጋ ይዘት ነው ወይስ ደረት፣ እኔ ስማር እንዲህ አልነበረም፣ አለ። የኔታ እጃቸውን ሊዘረጉ አነሡ። መልሰው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ገጹ ምን ይላል?"

"ደረት ይላል።"

"ዓለምነው አይቶታል። ደረት ነው።"

ተማሪው ወደ እኔ አየ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሄደ። ሲያዜመው ከሩቅ ሰማን። የኔታ ጭንቅላታቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

በመጪው ሳምንት የጾሙን ሁለተኛ ሳምንት ዜማ መጻፍ እንጀምራለን።

አመሻሽ ላይ ቤት ገባሁ። መብራቱን አበራሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ውኃ ጠጣሁ። ከተቀመጥሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ … በሩ ላይ ምንም አላልሁም። አይቼ ነው የገባሁ።